«አሥር ኮርስ ብቻ ነው» ተብዬ የገባሁበት የአፕላይድ ማቲማቲክስ ማስተርስ

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች በውስጥ መስመር ያው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «አፕላይድ ማቲማቲክስ ማስተርስ ጨረስክ አሉ፣ እንዴት ነው? መስፈርቱ ይከብዳል ወይ? ገንዘቡስ ያዋጣል?» ለሦስቱም በቮይስ መለስኩ። አራተኛው ሲመጣ ድምፄም ትዕግሥቴም አልቆ ስለነበር፣ አንዴ እዚህ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ ልላክ ብዬ ቁጭ አልኩ።

የቸኮለ ሰው እንዳይጉላላ ውጤቱን ከላይ ላስቀምጥ። ትምህርቱ ከ5 ኮከብ 5 ይገባዋል። መስፈርቱ የተጻፈበት መንገድ 2። የቢሮው አገልግሎት 1 ተኩል፣ ግማሿም የተሰጠችው ኢሜይል የምትመልሰው ሴትዮ ደግ ስለነበረች ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። እዚህ አሜሪካ ያለ፣ ቀን ለሚሠሩ ሰዎች ማታና በኦንላይን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ነው በሉት። ደግሞም ከምጽፈው ውስጥ ብዙው ሌሎቹም ጋ ያለ ነገር ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አገር ቤት በ2002 ዓ.ም. በሒሳብ ዲግሪ ያዝኩ፣ ሁለተኛ ደረጃ አስተማርኩ፣ ከዚያ ዲቪ ደረሰኝና መጣሁ። እዚህ የመጀመሪያ ሥራዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ ነበር። የፕሮግራሙን መስፈርት ያነበብኩትም እዚያው ቡዝ ውስጥ፣ ስልኬ ላይ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ስክሪን አለቀ። 30 ክሬዲት፣ ማለትም አሥር ኮርስ። ጂፒኤ ከ3.0 በታች እንዳይወርድ። ሁሉም በአምስት ዓመት ውስጥ ይለቅ። መጨረሻ ላይ ወይ ኮምፕሪሄንሲቭ ፈተና ወይ ፕሮጀክት። በቃ። «ይኼማ ውሃ ነው» አልኩ። በሴሚስተር ሁለት ብወስድ በሁለት ዓመት ተኩል እጨርሳለሁ ብዬ ከደረሰኝ ጀርባ ላይ አሰላሁ። አራት ዓመት ተኩል ፈጀብኝ።

ከመግቢያው ልጀምር፣ ምክንያቱም እኛ ሐበሾች ገና ከበሩ ነው የምንቀልጠው። ገጹ «ኦፊሻል ትራንስክሪፕት» ይላል፣ ሁለት ቃል ነው። ይህቺ ሁለት ቃል አምስት ወር በላች። ኦፊሻል የሚባለው እናንተ ኪስ ውስጥ ያለው ኮፒ አይደለም፣ ከሬጅስትራር ታሽጎ በቀጥታ የሚላከው ነው። እሱን ለማስላክ ደግሞ ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት ዕዳው) መከፈል አለበት። እኔ ቴምፖዬን ይዤ አስተምሬ፣ ይዤ ተሰድጄ፣ ኮስት ሼሪንግ የሚባል ነገር መኖሩን ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ጓደኛዬን ውክልና ሰጥቼ ላክሁት። ከሬጅስትራር ወረፋ ላይ ደወለልኝ።

«ስማ፣ ስምህን በእንግሊዝኛ በስንት ዓይነት ነው የምትጽፈው?»
«በአንድ ነዋ!»
«እዚህ በሁለት ነው ያለው። ትራንስክሪፕትህ ላይ አንድ ኢ ተጨምሯል፣ ፓስፖርትህ ላይ የለም። ደግሞ እዚህ የአያትህ ስም አለ፣ የላክልኝ ፎርም ላይ የለም። ሰውዬው የተለያየ ሰው ነው እያለኝ ነው።»

በአንዲት ፊደል የተነሳ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ማኅተም፣ ሌላ ወር። ስለዚህ ለመማር ያሰባችሁ ካላችሁ ገና ስለ ጂአርኢም ስለ ቶፍልም (የመግቢያና የእንግሊዝኛ ፈተናዎቹ ማለት ነው) ሳታስቡ ዛሬውኑ ስማችሁ የት የት እንዴት እንደተጻፈ እዩ።

ትራንስክሪፕቱ ደረሰ። ቀጥሎ ደግሞ የዓመት ጥያቄ መጣ። እኔ የተማርኩት ዲግሪው ሦስት ዓመት በነበረበት ጊዜ ነው፣ እዚህ ባችለር ሲሉ ደግሞ አራት ዓመት ማለታቸው ነው። የትምህርት ማስረጃ የሚገመግም ድርጅት ኮርስ በኮርስ ተርጉሞ እንዲልክ ከፈልኩ። አለፈ። ያለፈበት ምክንያት ግን ወረቀቱ ሳይሆን የኮርሶቹ ዓይነት ይመስለኛል። ሞደርን አልጀብራ ሁለት፣ ሊኒየር አልጀብራ ሁለት፣ አድቫንስድ ካልኩለስ፣ ኮምፕሌክስ አናሊሲስ። አገር ቤት በቾክ ብናኝ እያሳለን የወሰድናቸው ኮርሶች እዚህ ሲታዩ ቀላል አይደሉም፣ ይህንን ማንም ዝቅ አድርጎ እንዳይነግራችሁ።

የጎደለው ሌላ ቦታ ነበር። ፕሮባቢሊቲና ፕሮግራሚንግ። ስታቲስቲክስ አንዲት ኮርስ ብቻ ነበረችኝ። ፕሮግራሚንግ የተማርኩት ደግሞ በአብዛኛው ሰሌዳ ላይ ነው፣ መምህሩ ማትላብ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ኮድ በቾክ ይጽፋል፣ እኛ ደብተር ላይ እንገለብጣለን። ላቡ ውስጥ ለአምስት ሰው አንድ ኮምፒውተር ነበር። ስለዚህ መግቢያ ደብዳቤዬ «እንኳን ደስ አለህ» ይልና ዝቅ ብሎ በአንዲት መስመር፣ ሁለት ቅድመ ሁኔታ ኮርሶች ወስደህ ከቢ በላይ ስታመጣ ነው ይላል። እነዚህ ሁለቱ ከ30ው ክሬዲት አይቆጠሩም። ክፍያው ግን ያው ነው። አንዱ ኮርስ ከ3 ሺህ ዶላር ትንሽ ፈቅ ይላል። አሥር ኮርስ ያልኳችሁ አሥራ ሁለት ሆነ፣ ገና ክፍል ሳልገባ።

ለዚህ ነው መስፈርቱ የተጻፈበት መንገድ 2 ኮከብ ያገኘው። አንድም ውሸት የለበትም፣ ሁሉም ተጽፏል። ግን ልክ እንደ ቤት ኪራይ ውል፣ የሚያስከፍላችሁ ነገር ከታች በትንሽ ፊደል ነው ያለው። የኮርስ ዝርዝሩ ላይ አንዳንዶቹ አጠገብ ኮከብ ምልክት አለ። ምንድነው ብዬ አላየሁትም። ኮከቡ ለካ «በየሁለት ዓመቱ አንዴ ብቻ ይሰጣል» ማለት ነው። የፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ኒውመሪካል ዘዴዎች የሚለው ኮርስ ግዴታ ነው፣ ኮከብ አለው፣ ከእሱ በፊት ደግሞ ኒውመሪካል ሊኒየር አልጀብራ (ብዙ ኢኩዌሽኖችን በአንድ ላይ በኮምፒውተር መፍታት) መወሰድ አለበት። እኔ ኒውመሪካሉን ስጨርስ ያኛው ባለፈው ሴሚስተር ተሰጥቶ አልቋል። ሙሉ ዓመት ተኩል ጠበቅሁ። አማካሪዬን «ለምን አልነገርከኝም?» ስለው በጨዋ ፈገግታ «ካታሎጉ ላይ አለ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አለ።

የውጤቱ ነገርም እንደዚሁ። አገር ቤት ሲ ማለት አለፍክ ማለት ነው፣ አንዳንዴም ግብዣ ያስወጣል። እዚህ ማስተርስ ላይ ቢ ነው ወለሉ። የመጀመሪያዋን ኮርስ ቢ አመጣሁ፣ 3.0። ቀጥሎ ሪል አናሊሲስ ቢ ማይነስ፣ 2.7። ሁለቱ ሲካፈሉ 2.85። በሳምንቱ «አካዳሚክ ፕሮቤሽን» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ኢሜይሌ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ያኔ ከፓርኪንግ ወጥቼ አንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ ዳታ ክፍል ገብቼ ነበር፣ ኩባንያውም የትምህርት ወጪ ይመልሳል። እዚህ ሕጉ አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነፃ እንዲከፍልላችሁ ይፈቅዳል፣ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ኤችአር ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ስንቱ ሰው ሳያውቀው ያልፋል። የእኔ ኩባንያ ግን ለቢና ከዚያ በላይ ብቻ ነው የሚመልሰው። ያቺ ማይነስ የምትባል ሰረዝ ሦስት ሺህ ዶላር አስወጣችኝ። እስካሁን ማይነስ ሳይ ሆዴን ይቆርጠኛል።

ይህን ሁሉ ካማረርኩ በኋላ ለምን ለትምህርቱ 5 ሰጠህ ትሉኛላችሁ። በኒውመሪካል ሊኒየር አልጀብራ ምክንያት ነው። ይህችን አንዲት ኮርስ ብቻዋን ቢሸጡልኝ እገዛ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት የቤት ሥራ አይረሳኝም። ሒልበርት ማትሪክስ የሚባል በረድፍና በዓምድ የተደረደረ የቁጥር ሠንጠረዥ አለ። የመጀመሪያው ረድፍ 1፣ 1/2፣ 1/3፣ ሁለተኛው 1/2፣ 1/3፣ 1/4 እያለ የሚሄድ፣ ሲያዩት እንደ ሕፃን የዋህ የሚመስል። እንዲህ አድርጉ ተባልን። መልሱ በሙሉ 1፣ 1፣ 1 እንዲሆን አድርጋችሁ ኢኩዌሽኑን አዘጋጁና ለኮምፒውተሩ ስጡት፣ መልሱን ፈልጎ ያምጣ። በ5 በ5 ልክ አመጣ። በ10 በ10 ከኋላ ያሉት አሃዞች መበላሸት ጀመሩ። በ12 በ12 መልሶቹ ጭራሽ 1 መሆን ትተው የራሳቸውን ኑሮ ጀመሩ። ኮዴ ላይ ስህተት ያለ መስሎኝ ሁለት ሌሊት ፈለግሁ። ስህተት የለም! የ10 በ10ው ኮንዲሽን ነምበር፣ ማለትም ትንሽ ስህተት መልሱ ላይ ስንት እጥፍ ሊያድግ እንደሚችል የሚናገረው ቁጥር፣ ወደ 1.6 ሲባዛ በ10 ፓወር 13 ነው። ኮምፒውተር ቁጥር የሚይዘው ወደ 16 አሃዝ ገደማ ነው፣ እንግዲህ ከ16ቱ 13ቱን ያህል ልታጡ ትችላላችሁ ማለት ነው። እኔ አገር ቤት «ዲተርሚናንቱ (ከማትሪክሱ የሚሰላው ቁጥር) ዜሮ ካልሆነ መልስ አለው» ብዬ ተምሬ፣ ብዬም አስተምሬ ነው የመጣሁት። መልሱ አለ፣ ልክ ነው። ኮምፒውተሩ ያገኘዋል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። አፕላይድ የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፣ በሦስተኛው ሌሊት፣ ከጠዋቱ ሥራ በፊት።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፍ። ኦፕቲማይዜሽን (ከሁሉ የተሻለውን አማራጭ በስሌት መፈለግ) ጥሩ ነው፣ ሥራ ላይ በቀጥታ የጠቀመኝ እሱ ነው። ስቶካስቲክ ፕሮሰስ (በዕድል የሚለዋወጡ ነገሮች ሒሳብ) ከባድ ነው፣ መምህሩ ግን ቆንጆ ያስረዳል። ሪል አናሊሲስን ከላይ አንስቻለሁ፣ አልደግመውም። አንድ ምርጫ ኮርስ ላይ መምህሩ ስላይድ እያነበበ ሴሚስተሩን ጨረሰ። ሦስት ሺህ ዶላር ለንባብ።

መጨረሻ ላይ ወይ ፈተና ወይ ፕሮጀክት ይመረጣል። ፈተናው በሁለት ቀን ሦስት ትምህርት ነው፣ ሁለቴ ብቻ ነው የሚሞከረው። ሁለቴ ከወደቁ ደህና ሁን። የአገራችንን ፈተና የለመደ ሰው ፈተናውን ቢመርጥ አይፈረድበትም፣ እኔ ግን ፕሮጀክቱን መረጥኩ። ርዕስ አምጣ ሲሉኝ ያመጣሁት የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አትሳቁ። አፓርታማችን ውስጥ ያለው ምጣድ መሀሉ ላይ እንጀራው ዓይኑ ፍንትው ይላል፣ ጠርዙ ላይ ግን ጭፍን ነው። ባለቤቴ ሁልጊዜ ታማርራለች። ሙቀት በሸክላ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ደግሞ የሙቀት ኢኩዌሽን የሚባለው ነው፣ የመማሪያ መጽሐፍ ሁሉ የመጀመሪያ ምሳሌ። አማካሪዬ ምጣድ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ቪዲዮ አሳየሁት። በጣም ወደደው፣ ሊበላም መጣ።

ምጣዱን በትንንሽ ካሬ ከፋፍዬ የእያንዳንዱን ነጥብ ሙቀት በየሰከንዱ ማስላት ነው ሥራው። ካሬውን 1 ሚሊ ሜትር አድርጌ፣ ጊዜውን በ1 ሰከንድ አስኬድኩት። ለሸክላው የወሰድኩት የሙቀት ስርጭት መጠን 0.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር በሰከንድ ነበር። አሂድ አልኩት። ጥቂት ሳይቆይ አንዱ ነጥብ ሚሊዮን ዲግሪ፣ አጠገቡ ያለው ከዜሮ በታች ሚሊዮን ዲግሪ። የእኛ ምጣድ ፀሐይን አስናቀ። ለካ በዚህ ዘዴ የጊዜው እርምጃ የካሬው ጎን በራሱ ተባዝቶ ለስርጭቱ መጠን አራት እጥፍ ሲካፈል ከሚመጣው መብለጥ የለበትም። ለእኔ ይህ ግማሽ ሰከንድ ነው፣ እኔ 1 ሰጥቼዋለሁ። ካሬውን 1 ሴንቲ ሜትር ባደርገው እስከ 50 ሰከንድ ይችል ነበር። ካሬውን በአሥር ሲያሳንሱ ጊዜው በመቶ ያንሳል፣ ኮምፒውተሩም ያለቅሳል። መውጫው ክራንክ-ኒኮልሰን የሚባለው ዘዴ ነው፣ እሱ በዚህ መልኩ አይፈነዳም፣ ግን በየእርምጃው ትልቅ የሊኒየር አልጀብራ ችግር ማስፈታት ይፈልጋል። ያኔ ለምን ኒውመሪካሉን መጀመሪያ ውሰዱ እንዳሉን ገባኝ። ዓመት ተኩል የጠበቅሁበትን አይመልስልኝም እንጂ ገባኝ።

ሲያልቅ ለባለቤቴ ውጤቱን በቀለም ሥዕል አሳየኋት። ጠርዙ ሙቀት ስለሚያጣ መጀመሪያ ሲሞቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፣ ክዳኑም መከደን አለበት አልኳት።

«ቆየት አድርጎ ማጋል ነው በለኛ» አለች። «ይኼንን እናቴም ታውቀዋለች። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ብር?»

ፕሮጀክቱ ኤ አገኘ። እሷ ግን እስከ ዛሬ በዚሁ ትስቅብኛለች።

አበቃ ብላችሁ እንዳታስቡ። ኮርሱ አልቆ፣ ፕሮጀክቱ አልቆ፣ ጂፒኤዬ 3.4 ሆኖ፣ ሱፍ ገዝቼ፣ ስሜ ከተመራቂዎች ዝርዝር የለም። «ለመመረቅ አመልክተሃል?» ተባልኩ። ለመመረቅ ማመልከት! እኔ የመሰለኝ ሲጨርሱ ይመረቃሉ። ፎርም አለ፣ ክፍያ አለ፣ ሴሚስተሩ ገና ሲጀምር የሚያልፍ ቀን አለው። አለፈኝ። ዲፕሎማው ላይ ያለው ቀን ከጨረስኩበት አንድ ሴሚስተር ይዘገያል። ኢሜይል የምትመልሰው ደግ ሴትዮ «በጣም ብዙ ሰው እንደዚህ ይሆናል» ብላ አጽናናችኝ፣ እኔ ግን ብዙ ሰው እንደዚህ ከሆነ ለምን አንድ ማስታወሻ አይላክም አልኩ በሆዴ።

ታዲያ ለማን ይሆናል? እዚሁ ላላችሁ፣ የመኖሪያ ወረቀት ላላችሁ፣ ሥራ ይዛችሁ ወጪውን አሠሪ የሚካፈላችሁ ከሆነ ግቡበት። ከአገር ቤት ለምትመጡ ግን በራስ ኪስ ማስተርስ አልመክርም። ብዙ ልጆች የማያውቁት ነገር አለ፦ አሜሪካ ውስጥ ከባችለር በቀጥታ ለፒኤችዲ (ለዶክትሬት) ማመልከት ይቻላል። ፒኤችዲ ላይ ብዙውን ጊዜ ትምህርቱ ነፃ ነው፣ አስተማሪ ረዳት ሆናችሁ ደግሞ መኖሪያ ይከፈላችኋል። ማስተርስ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ከፋዩ ተማሪው ነው። ፒኤችዲው መጀመሪያ ላይ የብቃት ፈተና አለው፣ ያስፈራል። ግን ለምሳሌ ኒው ዮርክ ያለው ኩራንት ኢንስቲትዩት፣ በሒሳብ ዓለም ከባድ ስም ያለው፣ የጽሑፍ ፈተናው አድቫንስድ ካልኩለስ፣ ኮምፕሌክስ ቫሪየብልስና ሊኒየር አልጀብራ ነው። አርዕስቱን ብቻ ካያችሁት አገር ቤት ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት የተማርነው ነው። ጥያቄው ይከብዳል፣ ርዕሱ ግን እንግዳ አይደለም። ዲግሪውን ለመያዝ 72 ክሬዲትና ዲሰርቴሽን (የምርምር ጽሑፍ) ይፈልጋል፣ ያ የዓመታት ጉዳይ ነው።

በተማሪ ቪዛ መጥታችሁ ማስተርስ የምትማሩ ከሆነ ደግሞ እንደ እኔ አንድ አንድ ኮርስ እያሉ መንፏቀቅ አይቻልም፣ ሙሉ ጊዜ ነው፣ ኦንላይን ኮርስም በሴሚስተር ከአንድ በላይ ለሙሉ ጊዜ አይቆጠርላችሁም። ጥቅሙ፣ አፕላይድ ማቲማቲክስ ከስቴም (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ዘርፍ ስለሚቆጠር ከምርቃት በኋላ የአንድ ዓመቱ የሥራ ፈቃድ ላይ ሌላ ሁለት ዓመት ማስጨመር ይቻላል።

ገንዘብ የሌለው ልጅ ደግሞ ኤይምስን፣ ማለትም የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ኢንስቲትዩትን ማስተርስ ይይ። ፊዚሲስቱ ኒል ቱሮክ እ.ኤ.አ. በ2003 ኬፕታውን አጠገብ ሙይዘንበርግ የጀመረው ነው፣ አሁን ሩዋንዳም፣ ጋናም፣ ሴኔጋልም፣ ካሜሩንም አለ። ወደ አሥር ወር ነው፣ ማደሪያና ምግብ ጭምር የሚሸፍን ስኮላርሺፕ አለው፣ ኮርሶቹ ሦስት ሦስት ሳምንት ናቸው፣ መምህሩም እዚያው ግቢ ውስጥ አብሯችሁ ይበላል። የአራት ዓመት ዲግሪ ይጠይቃሉ፣ የእኔ ዘመን የሦስት ዓመት ልጆች እዚህም ጋ መጀመሪያ ጠይቃችሁ አረጋግጡ። አገር ቤት ማስተርስ ለምታስቡ ጋት የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለ፣ ብዙውን ጊዜ ቴሲስም (የመመረቂያ ጥናት) አለ።

ኮርስ ስለ መምረጥ፣ ስለ ፕሮጀክት፣ ስለ ሒልበርት ማትሪክስ፣ ስለ ምጣድም ቢሆን ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ። ትራንስክሪፕት ስለ ማስላክ ግን እባካችሁ አትጠይቁኝ፣ ጓደኛዬ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል።